በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ቤትን ለዶፍ ዝናብ፣ ለነፋስና ለመብረቅ ማዘጋጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቴሌቪዥን ላይ የምናየው ሀሪኬን ባሕር ዳር ሊደርስ ይችላል?

አይደርስም። ሀሪኬን የሚኖረው በሞቃት ውቅያኖስ ላይ ነው። የባሕሩ ውሃ ከ26 ዲግሪ ተኩል ገደማ በላይ ሲሞቅ የሚነሳው እንፋሎት ነው ጉልበት የሚሆነው። የብስ ላይ ሲወጣ ስንቁ ይቋረጥበታል፤ ተራራ ከገጠመው ደግሞ ቶሎ ይበታተናል። ጣና ለእኛ ባሕር ቢሆንም ለዚያ ዓይነቱ ማዕበል በጣም ትንሽ ነው። ለአገራችን የሚቀርበው ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚነሳው ሳይክሎን ነው፤ ስሙ እንደ ባሕሩ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ሳይክሎን በሶማሌላንድ ጠረፍ ገብቶ ዝናቡ እስከ ሶማሌ ክልል ዘልቋል። ከዚያ አልፎ ጣና ድረስ የሚመጣበት መንገድ የለም።

እዚህ የሚያሰጋው ነጎድጓድ ያዘለ ዶፍ ነው። ከፊቱ ድንገተኛ ነፋስ ይሰዳል፤ መብረቅ፣ በረዶና ደራሽ ጎርፍ ይከተሉታል። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ ያልታሰረ ጣሪያ ለማንሳት ግን ይበቃዋል። ሀሪኬን ከቀናት በፊት ስለሚታወቅ ሰው መስኮቱን ጣውላ የሚመታበት ጊዜ አለው። የእኛው ዶፍ ከዳመናው መጥቆር እስከ መጀመሪያው ነፋስ ግማሽ ሰዓት እንኳን ላይሰጥ ይችላል። ስለዚህ ዋናው ሥራ በደረቁ ወራት፣ ቢዘገይ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ያለቀ መሆን አለበት። ከታች ያለው ሁሉ የተጻፈው በዚህ ሐሳብ ነው።

በጣም የሚያሰጋው ወቅትና ሰዓት መቼ ነው?

ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ይከብዳሉ። ለነፋስና ለበረዶ ግን የክረምቱን መግቢያና መውጫ አትናቁ። በሚያዝያና በግንቦት መሬቱ ግሎ ስለሚቆይ አየሩ በኃይል ወደ ላይ ይወጣል፤ ዳመናው ሲፈርስም ቀዝቃዛው አየር በአንድ ጊዜ ይወርድና መሬት መትቶ ወደ ጎን ይሮጣል። ከዝናቡ በፊት አቧራ አንስቶ የሚመጣው ያ ነፋስ ይኸው ነው።

ስለ ሰዓቱ ጣና የራሱ ጠባይ አለው። በዙሪያው ባሉት ተራሮች ላይ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይወርዳል። በሐይቁ ላይና በደቡብ ዳርቻው ግን ከባዱ ዝናብ ወደ ማታና ሌሊት ያመዝናል። ሌሊት መሬቱ ፈጥኖ ሲቀዘቅዝ ሐይቁ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ከዳር ዳር የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ሐይቁ ላይ ተገናኝቶ የሞቀውን አየር ሽቅብ ይገፋዋል። ዶፉ ሰው ከተኛ በኋላ ሊጀምር ይችላል ማለት ነው። በክረምት ማታ ከመተኛት በፊት ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሮ ማየት ልማድ ይሁን፤ የእጅ ባትሪውም ትራስ ሥር ይደር።

የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው ትንበያ አካባቢው ለከባድ ዝናብ መጋለጡን ይነግራል እንጂ ዶፉ ሽምብጥ ላይ ይሁን ዘጌ ላይ አይነግርም። ያንን የሚነግረው ሰማዩ ነው።

የቆርቆሮ ጣሪያዬ በነፋስ እንዳይነሳ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ጣሪያ እንዴት እንደሚነሳ እንይ፤ ብዙ ሰው ነፋሱ ገፍቶ የሚጥለው ይመስለዋል። ነፋሱ ጣሪያውን ተሻግሮ ሲያልፍ ከላይ ይስበዋል፤ በተከፈተ በር ወይም በተሰበረ መስኮት የገባው ደግሞ ከውስጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ቆርቆሮው ከጫፉ ይጀምራል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ በባሕር ዳር ከፍታ ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 40 ኪሎ ግራም ሊጠጋ የሚችል ግፊት አለው፤ በጣሪያው ጠርዝና ማዕዘን ላይ ያለው መሳብ ከዚህም ይበልጣል። አንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ራሱ 4 ኪሎ እንኳን አይሞላም። የሚይዘው ሚስማሩ ብቻ ነው ማለት ነው። ነፋሱ ፍጥነቱን በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ በአራት እጥፍ እንደሚጨምርም አይርሱ።

አሁን መሰላል አቁመው የጣሪያውን ጠርዝ ቀረብ ብለው ይመልከቱ። ሚስማሩ የተመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው ወይስ በስርጉዱ? ጉብታው ላይ መሆን አለበት፤ ስርጉዱ ውሃ የሚሄድበት ስለሆነ እዚያ የተመታ ሚስማር ያፈስሳል፣ ያፈሰሰው ውሃም ከሥሩ ያለውን እንጨት ያበሰብሳል። ጎማው አለ ወይስ በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል? በጣትዎ ሚስማሩን ሲነቀንቁት ይላወሳል? በሚስማሩ ዙሪያ ቀዳዳው ወደ ሞላላ ሰፍቶ ካዩ ቆርቆሮው በየነፋሱ ሲንቀጠቀጥ ከርሟል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ይቀደዳል። እንዲህ ያለውን ሚስማር መልሶ መምታት አይጠቅምም፤ እንጨቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ሰፍቷል። አሮጌውን ነቅሎ ቀዳዳውን መድፈን፣ አዲሱን ደግሞ በሚቀጥለው ጉብታ ላይ መምታት ነው።

ከዚያ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሂዱ፦

1. በጣሪያው ዙሪያ፣ ማለትም በታችኛው ጠርዝ፣ በአናቱና በሁለቱ ጎኖች፣ ሚስማር ወይም ባለጎማ ብሎን በየሁለተኛው ጉብታ ላይ ይምቱ። መሐል ላይ በየሦስተኛው ይበቃል። ከሚስማር ይልቅ ብሎን ይመረጣል፤ ለስላሳ ሚስማር በንቅናቄ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ብሎን ግን በጥርሱ ይነክሳል።

2. ቆርቆሮው ሲደራረብ ላይና ታች ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ጎን ለጎን ደግሞ አንድ ጉብታ ተኩል ወይም ሁለት ይጋጠም። የጎኑ ድርብ አፍ ነፋስ ለሚበዛበት አቅጣጫ ጀርባውን ይስጥ።

3. ሞራሌው (ቆርቆሮው የሚመታበት አግዳሚ እንጨት) ከወራጁ (ከአናቱ ወደ ጠርዙ ከሚወርደው እንጨት) ጋር፣ ወራጁ ከግድግዳው ጋር ይታሰር። ብዙ ቤት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፦ ቆርቆሮው ሞራሌውን እንደያዘ ሙሉ ጣሪያው ተነስቶ ይሄዳል። በጭቃ ቤት ላይ ዝገት የማይበላው ወፍራም ሽቦ በወራጁ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምዝዘው ከቋሚው ጋር ያጥብቁት። በብሎኬት ቤት ላይ ገና ሲሠራ ከላይኛው ቢም ውስጥ የፌሮ ጫፍ ማስቀረትና በወራጁ ላይ ማጠፍ ነው። ያለቀ ቤት ከሆነ ባለ ቀዳዳ የብረት ማሰሪያ በብሎን ይያዛል።

4. የጣሪያው አፍንጫ ከግድግዳው ከ50 ሳንቲ ሜትር በላይ ወጥቶ ከሆነ ነፋስ ከሥሩ ገብቶ ያነሳዋል። ማሳጠር ካልተቻለ ከታች በኮርኒስ ይዘጋ፣ ወይም በሰያፍ እንጨት ከግድግዳው ጋር ይደገፍ። በረንዳ የተሰራው ከዋናው ጣሪያ ጋር በአንድ ቆርቆሮ ከሆነ ለይቶ መሥራት ይሻላል፤ በረንዳው ሲነሳ ቤቱን ይዞ አይሄድም።

የቆርቆሮውን ውፍረት ሲገዙ የጌጁ ቁጥር ባደገ ቁጥር ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ያስታውሱ። 35 ጌጅ ርካሽ ነው፣ ግን በሚስማሩ ራስ ዙሪያ እንደ ወረቀት ይቀደዳል። 28 ጌጅ ካልተቻለ 30 ይሁን፤ የተረፈው ገንዘብ በሙሉ በማሰሪያው ላይ ይዋል። ወፍራም ቆርቆሮ በልል ሚስማር ከመምታት ሳሳ ያለውን አጥብቆ ማሰር ይሻላል።

ዲሹን ከቆርቆሮው ላይ አውርደው ግድግዳ ላይ ይትከሉት። ነፋስ ሲይዘው ሚስማሩን እንደ ጉጠት ይነቅለዋል።

ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ወይም አሮጌ ጎማ ማስቀመጥስ?

አንመክርም። 10 ኪሎ ድንጋይ ካለው ግፊት አንጻር ምንም አይደለም፤ ቆርቆሮው ሲነሳ ግን ድንጋዩ ሰው ላይ ይወድቃል። ከሥሩ ውሃና ቅጠል እየቋጠረም ቆርቆሮውን ያዝገዋል። ጎማው ደግሞ ውሃ አቁሮ ትንኝ ያራባል።

ነፋሱ ሲመጣ መስኮት ልክፈት ወይስ ልዝጋ? ከፍቶ ማሳለፍ ይሻላል የሚሉ አሉ።

ይዝጉ። በሩን፣ መስኮቱን፣ የጓዳውንም ጭምር። ከላይ እንዳልነው ከውስጥ የሚገፋው አየር ነው ለጣሪያው ጠላቱ። የውስጥ በሮችንም ይዝጉ፤ አንድ መስኮት ቢሰበር እንኳ ነፋሱ በአንድ ክፍል ይቀራል። እንጨት በር ካለዎት ከመቀርቀሪያው ሌላ ከታች አግዳሚ ይግባለት። ወጨፎ በሚገባበት በኩል ደፉ ላይ የተጠቀለለ ጆንያ ያድርጉ።

በረዶ ሲዘንብ ውሃው በኮርኒሱ የሚወርደው ለምንድን ነው? ቆርቆሮው ቀዳዳ የለውም።

ጥፋቱ የአሸንዳው ነው። የበረዶው ፍሬ ከቆርቆሮው ላይ ተንከባልሎ አሸንዳው ውስጥ ይከመራል፤ መውረጃ ቱቦው አፍ ላይ ከቅጠል ጋር ተጣብቆ ይደፍነዋል። ከኋላው የሚመጣው ውሃ መሄጃ ሲያጣ በቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ወደ ኋላ ተመልሶ ግድግዳው አናት ላይ ይፈስሳል። ማግሥቱ ኮርኒሱ ላይ የሚታየው ቡናማ ክብ ከዚያ ነው።

መፍትሔው ሦስት ነገር ነው። አሸንዳው የውጭ ከንፈሩ ከውስጡ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይሰራ፤ ሲሞላ ወደ ግቢ ይፍሰስ እንጂ ወደ ቤት አይመለስ። በየ2 ሜትሩ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ተዳፋት ይኑረው። መውረጃው በ110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይሁን፤ 50 ሚሊ ሜትር ለዶፍ አይበቃም። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1500 ሊትር ይወርዳል፤ ያ ውሃ የት እንደሚሄድ አስቀድመው ካላሰቡለት ወይ ግድግዳዎ ሥር ወይ ጎረቤት ግቢ ይገባል። በግንቦትና በሐምሌ አጋማሽ አሸንዳውን ይጥረጉ፤ ማንጎ ወይም ባሕር ዛፍ ቤቱ ላይ ካዘነበለ በየሁለት ሳምንቱ።

ከቤቴ አጠገብ ትልቅ ዛፍ አለ። ልቁረጠው?

ሁልጊዜ አይደለም። ጤነኛ ዛፍ ነፋስን ይሰብራል። የሚያሰጋው ግንዱ ሥር እንጉዳይ ያበቀለ፣ ሲያንኳኩት ባዶ የሚያስተጋባ፣ በአንድ በኩል አፈሩ የተሰነጠቀ ወይም ለመንገድና ለቦይ ሲቆፈር ሥሩ የተቆረጠ ዛፍ ነው። ተራርቆ ለብቻው የቀረ ረጅም ባሕር ዛፍም ያሰጋል፤ በጫካ መሐል ያደገ ግንድ ቀጭን ሆኖ ስለሚረዝም ጎረቤቶቹ ሲቆረጡ መቆም ያቅተዋል። ደረቅ ቅርንጫፍንና ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለውን በበጋ ያስቆርጡ። ቅርንጫፉ የመብራት ሽቦ የሚነካ ከሆነ ግን እጅዎን አያስገቡ፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ይደውሉ።

መብረቅ ሲኖር ቤት ውስጥ ምን ማድረግ፣ ምን አለማድረግ አለብኝ?

ብልጭታውን እንዳዩ መቁጠር ይጀምሩ። ድምፁ እስኪሰማ ያለፈውን ሴኮንድ ለ3 ሲያካፍሉ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይወጣል። 30 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ደጅ መቆየት የለብዎትም። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይውጡ። ሰው የሚጎዳው ዝናቡ ሲያባራ፣ አለፈ ብሎ ወደ ሥራው ሲመለስም ነው።

ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ቻርጀርና የዲሽ ገመድ ነጎድጓዱ ሩቅ ሳለ ይነቀሉ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ መብረቅ ኪሎ ሜትሮችን በአየር ዘልሎ የመጣ ስለሆነ በማብሪያው ክፍተት አይቆምም። ስታብላይዘርም ለቮልቴጅ መዋዠቅ እንጂ ለመብረቅ የተሠራ አይደለም። ነጎድጓዱ ቀርቦ ከሆነ ደግሞ ሶኬቱን ለመንቀል እጅዎን አይዘርጉ፤ ዕቃው ይቃጠል። በዚያን ሰዓት በብረት ቱቦ የሚመጣ ውሃ አይክፈቱ፣ ገላ አይታጠቡ፣ ዕቃ አይጠቡ፣ በር ላይ አይቁሙ፣ ፌሮ ባለበት የኮንክሪት ግድግዳ ላይ አይደገፉ።

ቀይ ልብስ፣ መስተዋትና ሞባይል መብረቅ ይጠራሉ የሚባለው ልክ አይደለም። መብረቅ የሚመርጠው ከፍ ብሎ ለብቻው የቆመን ነገር ነው፤ ገላጣ ማሳ ላይ ያለ ሰው ነጭ ቢለብስም ያው ነው። ቻርጅ ላይ ያልተሰካ ሞባይል ቤት ውስጥ መጠቀም ይቻላል።

ጎጆ ቤትና ሣር ክዳን ከዝናብ ያስጠልላል እንጂ ከመብረቅ አያድንም፤ ሊቃጠልም ይችላል። በአቅራቢያ ሽቦ የተዘረጋበትና የውሃ ቱቦ ያለው ትልቅ ሕንፃ ወይም ጣሪያው ብረት የሆነ መኪና ካለ እዚያ ይግቡ። ባጃጅ እንደ መኪና አይቆጠርም፤ ጣሪያው ሸራ ነው፣ ጎኑም ክፍት ነው። ነጎድጓድ ሲቀርብ ባጃጁን ዳር አስይዘው ሕንፃ ውስጥ መግባት ይሻላል።

ከብቶች ዛፍ ሥር አብረው የሚሞቱት ለምንድን ነው?

መብረቁ ዛፉን ሲመታ ኤሌክትሪኩ በመሬት ላይ ወደ ዙሪያው ይሰራጫል፤ ከዛፉ እየራቀ ሲሄድ ይቀንሳል። የላም የፊትና የኋላ እግር የተራራቀ ስለሆነ በሁለቱ መሐል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፣ ኤሌክትሪኩም በአንዱ ገብቶ በልቧ በኩል አልፎ በሌላው ይወጣል። ስለዚህ ነጎድጓድ ሲመጣ ከብቱን ከብቸኛ ዛፍና ከሽቦ አጥር አርቆ ዝቅ ወዳለ ሜዳ መበተን ነው። እረኛውም መሸሻ ካጣ እግሮቹን ገጥሞ ቁጢጥ ይበል፤ መሬት ላይ አይጋደም። ልጆች ተቃቅፈው አንድ ቦታ አይከማቹ፤ ይራራቁ።

ሰው በመብረቅ ቢመታ መንካት ይቻላል?

ይቻላል፤ ወዲያውኑ ይንኩት። በሰውነቱ ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ የለም። ሊድን የሚችል ሰው ሌላው ፈርቶ ሳይረዳው ሲቀር ሊሞት ይችላል። (ወድቆ ያለው በመብራት ሽቦ ከተያዘ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ መብራቱ መጥፋት አለበት።)

መልስ ካልሰጠና ካልተነፈሰ በጀርባው አስተኝተው በደረቱ መሐል ሁለት እጅዎን ደራርበው ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ይጫኑ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ከቻሉ በየ30ው ጫና 2 ጊዜ በአፉ ይተንፍሱለት። በመብረቅ የተመታ ሰው ልቡ ቶሎ ተመልሶ መተንፈሱ ግን ሊዘገይ ስለሚችል ትንፋሹ እዚህ ላይ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ይጠቅማል። ብዙ ሰው አንድ ላይ ከተመታ የሚጮኸውንና የሚያቃስተውን ትተው ጸጥ ወዳለው ይሂዱ፤ የሚያቃስተው እየተነፈሰ ነው። አንድ ሰው ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውል። በአፈር መሸፈን፣ ወተት ማጠጣት ጊዜ ከመብላት በቀር አይረዳም።

ጎርፍ ወደ ግቢዬ ይገባል። ምን ላዘጋጅ?

መጀመሪያ የትኛው ጎርፍ እንደሆነ ይለዩ። አንዱ ከዶፉ ጋር የሚመጣው ነው፤ በደቂቃዎች ሞልቶ በሰዓታት ይጎድላል፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የተደፈነ ቦይ ነው። ሌላው የሐይቁና የወንዞቹ ነው፤ ጣና ሰኔ አካባቢ ዝቅ ብሎ ቆይቶ ክረምቱን ሁሉ እየሞላ መስከረም አካባቢ ከፍተኛው መጠኑ ላይ ይደርሳል። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሐይቁም ከፍ ብሎ ከጠበቃቸው ውሃው ፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራን፣ ሊቦ ከምከምንና ደንቢያን ያጥለቀለቀው እንዲህ ያለው ነው። ለዚህኛው አፈር የተሞላ ከረጢት አይመክትም፤ እህልና ከብት ቀድሞ ወደ ከፍታ ማውጣት ብቻ ነው።

ለመጀመሪያው ግን ብዙ ማድረግ ይቻላል። ከደጅዎ ፊት ያለውን ቦይ ከጎረቤት ጋር ሆነው በግንቦት ይጥረጉ፤ የወጣውን ደለል ዳር ላይ አይተዉት፣ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል። አሥራ አምስት ያህል የማዳበሪያ ከረጢት አዘጋጁ። አፈር ወይም አሸዋ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ብቻ ይሙሉ፤ ጢም ብሎ የሞላ ከረጢት ድቡልቡል ሆኖ ስለሚቀር ውሃ በመሐሉ ያልፋል። አፉን ሳያስሩ ወደ ሥር አጥፈው፣ እንደ ብሎኬት ጋብቻ እያፈራረቁ ደርድረው በእግር ይርገጡት። ከሥሩ ወፍራም ፕላስቲክ ቢነጠፍ ደግሞ በጣም ይረዳል።

ውሃ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ዋናውን ብሬከር ያጥፉ። ውሃ ውስጥ ቆመው ግን ቆጣሪ አይንኩ። የሚሮጥ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ሲሆን አዋቂን ይጥላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል፤ ባጃጅማ ከዚያም ቀድሞ ይሄዳል። ሕፃናት ቦይ ዳር እንዳይቆሙ፤ በጎርፍ የተሸፈነ ክፍት ጉድጓድ አይታይም።

ቤት ውስጥ ምን ያህል ውሃና ምግብ ይቀመጥ?

ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር፣ ለሦስት ቀን። ቤተሰቡ አምስት ሰው ከሆነ 60 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ሮቶ ካለዎት በክረምት ባዶውን አያሳድሩት፤ ሙሉው ባለ 1000 ሊትር ሮቶ አንድ ቶን ነው፣ ባዶው ግን በነፋስ የሚንከባለል በርሜል ነው።

ምግቡ እሳት የማይፈልግ ይሁን፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን ካልከፈቱት 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ሻማ ከጭድና ከመጋረጃ ይራቅ፤ የእጅ ባትሪ ይሻላል። መታወቂያ፣ የቤት ካርታና የልጆች የትምህርት ማስረጃ በሁለት ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። ሁሉ ነገር ተዘግቶ ሲዘንብ ከሰል ቤት ውስጥ አታንድዱ። ከከሰሉ የሚወጣው የማይታይና ሽታ የሌለው መርዝ ነው፤ ራስ ምታትና እንቅልፍ ሆኖ ይጀምራል፣ የተኛ ሰውም ሳይነቃ ይቀራል። ጄኔሬተርም ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭሱ ከመስኮት ዞሮ ይቁም።

ሰማዩ ጠቁሯል፣ ምንም አላዘጋጀሁም። አሁን ምን ላድርግ?

ጣሪያ ላይ አይውጡ። የላላ ሚስማር ዛሬ አይመታም፤ እርጥብ ቆርቆሮና መብረቅ ላይ ነፍስን ማስያዝ ነው። ከግቢ ውስጥ የሚበርረውን ያስገቡ፦ ቆርቆሮ ቁራጭ፣ ሳፋ፣ ወንበር፣ የልብስ ማስጫ፣ ባዶ ጀሪካን። በርና መስኮት ይዝጉ፤ ነጎድጓዱ ገና ሩቅ ከሆነ ሶኬት ይንቀሉ፣ ስልክ ቻርጅ ላይ ካለ ያውጡ። ቤተሰቡን መስኮት ወደሌለበት፣ ከውጭ ግድግዳ ወደራቀ ክፍል ያሰባስቡ። ጣሪያው ሲንኳኳና ጠርዙ ሲያጨበጭብ ከሰሙ ጠረጴዛ ወይም አልጋ ሥር ይግቡ፤ ቆርቆሮውን በገመድ ለመያዝ አይሞክሩ፣ ሲነሳ ሰውም ያነሳል።

ታንኳና ጀልባስ?

ጣና ስፋቱ እንጂ ጥልቀቱ ብዙ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው። ባልጠለቀ ውሃ ላይ ሞገድ አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ ይነሳል፣ ተከታትሎም ስለሚመታ ትንሽ ጀልባ የመጀመሪያውን ሳትወጣ ሁለተኛው ይደርስባታል። ወደ ዘጌም ሆነ ወደ ደሴቶቹ ማለዳ ሄዶ ከቀትር በፊት መመለስ ነው። የሕይወት ጃኬት መቀመጫ ሥር ሳይሆን ደረት ላይ ይታሰር። ጥቁር ዳመና ከታየ ወደ መነሻ ሳይሆን ወደሚቀርበው ዳርቻ ይቅዘፉ። የደንገል ታንኳ ዳር ላይ ሲቆም ተገልብጦ፣ በሁለት ቦታ ከችካል ጋር ይታሰር።

ካለፈ በኋላ መጀመሪያ ምን ልይ?

የወደቀ ሽቦ። መብራት ቢጠፋም ሽቦው ሕይወት ያለው ነው ብለው ያስቡ፤ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቁ፣ ልጆችንም ያርቁ፣ በ905 ያሳውቁ። እርጥብ መሬት ላይ ከሆኑ ከዚያም ይበልጥ ይራቁ።

ከዚያ ውሃው። ጎርፍ የገባበትን ጉድጓድ ወይም የተበጠሰ ቧንቧ ውሃ ሳያክሙ አይጠጡ። በነጠላ አጣርተው ያፍሉት፤ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ለባሕር ዳር ይበቃል፣ ከ2000 ሜትር በላይ ባለ አገር ግን 3 ደቂቃ። ማገዶ ከሌለ ሽታና ሳሙና ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና በ1 ሊትር 2 ጠብታ፣ ውሃው ከደፈረሰ 4 ጠብታ፤ አማስለው 30 ደቂቃ ይተዉት። ውሃ አጋር የተባለው የውሃ ማከሚያ ካለዎት በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ይጠቀሙ።

ጭቃ ቤት ከሆነ የግድግዳውን ሥር በእጅዎ ይጫኑ። ጣት ከገባበት ውሃ ጠጥቷል፤ ከባድ ዕቃ አያስደግፉበት፣ በዚያ በኩል አያስተኙ። ከላይ ጣሪያውን ሳይሆን ከታች ኮርኒሱን በባትሪ ብርሃን ያጥኑት፦ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት። ቆርቆሮው ሲደርቅና ሰማዩ ሲጠራ ሚስማሩን ይዘው የሚወጡት ወደዚያ ምልክት ነው።